የላጲሶ ምድጃ

ላጲሶ ምድጃ ሲተክል አይቸኩልም። ቦሌ ሚካኤል ካለው ብየዳ ቤቱ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ያመጣውን የብረት ምድጃ ለሚ ኩራ፣ ቢሊሴ ቤት ለማቆም ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀበት። ለወሊዱ ከራሷ ቤት የመጣችው የቢሊሴ እናት ጫልቱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ስትመለከተው ቆየችና፣ ይህ ሁሉ መለካት ለምድጃ ነው ወይስ ሙሽራ ልታስገባ ነው ብላ ቀለደችበት። ልጇ ልትወልድ ጥቂት ሳምንት ቀርቷታል፤ ክረምቱ ሊገባ ነው፤ መብራቱ በየቀኑ ይጠፋል፤ የብሎኬት ቤቱ ደግሞ ከሜዳው የሚመጣውን ብርድ እንዳለ ነው የሚያስገባው። ምድጃው የታሰበው ለአራሷ ነበር።

ላጲሶ ሳቀ እንጂ ሜትሩን አልጠቀለለም። ምድጃውን ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቀው። ከሥሩ ቆርቆሮ አነጠፈ፣ በቆርቆሮው ላይ ጡብ ደረደረ። ቱቦውን በኮርኒሱ በኩል ማውጣት ይቀለው ነበር፤ እሱ ግን ብረት ሲግል ኮርኒስ ይያያዛል ብሎ ግድግዳውን በስቶ በጎን አወጣው፤ በቱቦውና በብሎኬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃ ሞላው፤ በውጪ በኩል ደግሞ ከጣሪያው በላይ አስረዝሞ የዝናብ ቆብ ደፋበት። የቢሊሴ ባል ጉቱ ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ውሎ በመኪናው ኋላ ከሚሠሩ ሕንፃዎች የለመነውን የኮንክሪት መሙያ ፎርም ጣውላ ጭኖ ሲመጣ፣ ላጲሶ አንድ በአንድ አገላብጦ ዘይት የጠጣውንና ቀለም የነካውን ለየ፤ ይሄ ቤት ውስጥ አይነድም አለው። የቀረውንም ዝናብ የማያገኘው ቦታ እንዲያደርቁት፣ ቱቦውንም በየወሩ ከጥላሸት እንዲጠርጉት ነገራቸው።

በመጨረሻ ከምድጃው ጀርባ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ግድግዳውን በመሮ ፈልፍሎ የቡጢ ያህል ቀዳዳ አወጣና አይጥ እንዳይገባ ከውጪ ወንፊት ሽቦ አሰረበት። ከዚያ ተነሥቶ እጁን እየጠረገ ወደ ጫልቱ ዞረ።

«እማማ፣ ሌላውን ሁሉ ቢረሱት ይህችን አይርሱብኝ» አላት። «እሳቱ አየር የሚስበው በዚህች ነው። ከተዘጋች ከእናንተ ትንፋሽ ይሻማል። ቱቦው መሳቡን ይተዋል፤ የሚገድለው ነገር ቤት ውስጥ ይቀራል። እሱ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም።»

ጫልቱ እሺ አለች። በሆዷ ግን ታዘበችው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሳት ያልነካችበትን ቀን አታስታውስም። መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም ከመወሰዱ በፊት፣ ባሏም በሕይወት ሳለ፣ ጎጆ ውስጥ በጭስ መሐል ልጅ ወልዳ አሳድጋለች። ይህ ብረት ቀጥቃጭ ስለ እሳት ሊያስተምራት መነሣቱ ትንሽ አስቋታል። ጎጆው ሣር እንደነበረና በየቀዳዳው እንደሚተነፍስ፣ ይህ ቤት ግን ዙሪያውን በሲሚንቶ የታሸገ እንደሆነ አላሰበችም።

ቢሊሴ በሰኔ መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። ስሟን ያወጣችው ጫልቱ ናት፤ ሲፈን አለቻት። ጫልቱ ሌላ ልጅ የላትም፤ ከቢሊሴ ሌላ ሰው የላትም ማለትም ይቻላል። እናም አራሷን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀች። ምድጃው ሞቅ አድርጎ ይነድዳል፣ ሕፃኗ ትጠባለች፣ ትተኛለች። የቢሊሴ ጎረቤት ሀቢባም ዓምና ከዚሁ ከላጲሶ ተመሳሳይ ምድጃ አስተክላ ነበርና፣ ሱቋን ዘግታ ስትመጣ ሁለቱ ሴቶች ምድጃ እያወዳደሩ ይጫወቱ ነበር።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ዝናብ ከነነፋሱ መጣ። ጫልቱ እንጨት ልትጨምር ምድጃው አጠገብ ስታጎነብስ ከቀዳዳዋ የሚወጣው ብርድ ቁርጭምጭሚቷን ቆረጠማት። ቀና ስትል የቢሊሴ አልጋ በትይዩው ነው። ቢሊሴም ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባለች።

እዚህ ላይ ጫልቱን መውቀስ ይቀላል። ግን የአራስ ቤት የሚያውቅ ሰው ነፋስ ምን ያህል እንደሚፈራ ያውቃል። መስኮት አይከፈትም፣ በር ገርበብ አይልም፣ ከውጪ የመጣ ጠያቂም ብርዱን ከላዩ ሳያራግፍ ወደ አልጋው አይጠጋም። ነፋስ የመታት አራስ ዕድሜ ልኳን አይለቃትም ይባላል። ጫልቱ ራሷ ቢሊሴን በወለደች በሳምንቷ መትቷት፣ እስከ ዛሬ ወገቧን ይዛ ነው የምትነሣው። ይህ እንዳይደርስባት የምትሳሳላት ልጅ ፊቷ ተኝታለች። የላጲሶ ነገር ትዝ አላት፤ ለዛሬ ብቻ ነው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ብቻ ነው አለች። ከአሮጌ ነጠላዋ ቀድዳ ጨርቁን ጠቀለለችና ቀዳዳዋን ጥርቅም አድርጋ ደፈነቻት። እንጨት ጨመረች። በሩን ገጥማ ገንፎ ልታገነፋ ጓሮ ወዳለው ማድ ቤት ሄደች።

ገንፎው ከሚፈጀው በላይ ቆየች። ሀቢባ ከዝናቡ ልትጠለል ገብታ ወሬ ጀመሩ፤ ስለ ስኳር መወደድ፣ ስለማይታረቁ ጎረቤቶች። ጫልቱ ያን ወሬ በኋላ ስንት ጊዜ ረግማዋለች።

ስትገባ ቤቱ አልጨሰም። ሙቀቱ ደስ ይል ነበር። ምድጃው ውስጥ ነበልባል የለም፤ ፍሙ ብቻ ቀይ ሆኖ ተኝቷል። ቢሊሴን ጠራቻት፤ መልስ የለም። ጠጋ ስትል የልጅቷ ዓይኖች ግማሽ ተገልጠዋል፣ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም። ሕፃኗ ጉያዋ ውስጥ ናት። ጫልቱ ያን ጊዜ ሁሉንም በአንድ አፍታ አወቀችው፤ እጇም ከልቧ ቀደመ። መጀመሪያ ጎንበስ ብላ ጨርቁን ከቀዳዳዋ መንጭቃ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ነው ሲፈንን ያነሣችው፤ ከዚያ ነው የጮኸችው።

የሀቢባ ባል ሙራድ በመኪናው እየከነፈ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ቢሊሴን ኦክስጅን መለሳት። ሲፈን አልተመለሰችም። ዕድሜዋ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር። ሐኪሙ ይህ ነገር ቀለምም ሽታም የለውም፣ ትንንሾቹን ይቀድማል አለ።

የሕፃን ልቅሶ አጭር ነው። ክርስትና አልተነሣችምና ፍትሐት አልተደረገላትም፤ ድንኳንም አልተጣለላትም። የመጣው ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይተካ እያለ ሄደ። ቢሊሴ ለማንም አልመለሰችም፤ ከሐኪም ቤት ከተመለሰች ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች፤ ከእናቷ ጋርም እሺና እምቢ ካልሆነ አትነጋገርም። ጫልቱ ኀዘን ነው ብላ ተቀበለችው።

በሦስተኛው ቀን ላጲሶ መጣ። ጉቱ ሲያየው አንገቱን ሊያንቀው ተነሣ፤ የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ነገራ መሐል ገብተው ያዙት። ላጲሶ አልሸሸም። በመጀመሪያ በውጪ ዞሮ ወንፊቱን አየ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ገብቶ ቱቦውን ፈትቶ ተመለከተ፤ ንጹሕ ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ጫልቱ ፊት ቆመ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ቀን ቀዳዳዋ ክፍት ነበረች?»

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ቢሊሴ አልጋዋ ላይ ናት። ጫልቱ ልጇን አየች። ይህችም ከተቀየመችኝ ማን ይቀረኛል የሚል ሐሳብ መጣባት።

«ክፍት ነበረች» አለች።

ላጲሶ ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ አሳንሼ ቀድጃት ይሆናል፣ ሒሳቡ የተሳሳተው እኔ ዘንድ ነው አለ። ጫልቱ የምታደርገው ቢጠፋት ሻይ ቀዳችለት። ሳይጠጣው ሄደ። ጉቱ በዚያው ዕለት ምድጃውን ነቅሎ ጓሮ ወረወረው፤ ዝናብ ሲመታው በሳምንቱ ዛገ።

የላጲሶ ምድጃ ሰው ገደለ የሚለው ወሬ ከለሚ ኩራ ቦሌ ሚካኤል ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም። ሥራ የሚያዝዘው ሰው ጠፋ። እሱን ግን የሚያሳስበው ሌላ ነበር። በሦስት ክረምት ውስጥ ዘጠኝ ቤት ምድጃ ተክሏል። ሌላ ልጅ ከመሞቱ በፊት ብሎ በየቤቱ እየዞረ፣ እየለመነ፣ በገዛ እጁ የተከለውን መንቀል ጀመረ። ጫልቱ ይህን የሰማችው ከሀቢባ ነው። ሰውዬው ከስቷል፣ የራሱን ልጆች እንኳ ቀና ብሎ አያያቸውም አለቻት። ጫልቱ በዚያ ቀን እህል አልወረደላትም። ነገ እናገራለሁ አለች። ነገም መጣና ሄደ፤ ከዚያ ወዲያም ብዙ ነገ ሄደ።

ሲፈን ከሞተች በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጫልቱ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ በአጥሩ በላይ ሀቢባን አየቻት። ሀቢባ የከሰል ማንደጃ አራግባ፣ ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲያልቅ በሁለት እጇ አንሥታ ወደ መኝታ ቤቷ ትገባለች። ሁለቱ ልጆቿ ጉንፋን ይዟቸው እዚያ ተኝተዋል። ላጲሶ ምድጃዋን ነቅሎባታልና ቤቱ ቀዝቅዟል። በሩ ከኋላዋ ሊዘጋ ነው።

ጫልቱ ልብሱን ጭቃ ላይ ጣለችው። ወገቧንም ረሳችው። ሮጣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባችና ማንደጃውን አውጪው አለቻት። ሀቢባ ግራ ገብቷት፣ ጭሱ እኮ አልቋል አለች።

«ጭሱ አይደለም። የእኛም ቤት አልጨሰም ነበር። ምድጃው ምንም አልነበረበትም ሀቢባ። ቀዳዳውን በነጠላ የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ሀቢባ ማንደጃውን አንሥታ በረንዳ ላይ አስቀመጠችው፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ልጆቿን አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጋ አየች። ስትመለስ ለቢሊሴ ነግራት እንደሆነ ጠየቀቻት። ጫልቱ አልነገርኳትም አለች። እንግዲያው ከሌላ ሰው ሳትሰማው አሁኑኑ ሂጂ አለቻት።

ቢሊሴ እንደተለመደው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ጫልቱ አልጋው ጫፍ ላይ አልተቀመጠችም፤ ቆማ ተናገረች። ተናግራ ስትጨርስ ጩኸት ጠበቀች። ጩኸት አልመጣም።

«አውቃለሁ» አለች ቢሊሴ። «ስትገቢ ዓይኔ ተገልጦ ነበር። እጄም አፌም እምቢ አሉኝ እንጂ አይሽ ነበር። እሷን ከማንሣትሽ በፊት ጨርቁን አነሣሽ።»

ጫልቱ አየር እንዲገባ ብዬ ነው ልትላት አሰበች። ለአየር ቢሆን ኖሮ በሩን ነበር የምትከፍተው፤ ጨርቁንም ደረቷ ውስጥ ባልደበቀችው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ ልጄ?»

«አንቺው ትነግሪኛለሽ ብዬ። ምሳዬን ይዘሽ በገባሽ ቁጥር ዛሬ ትለኛለች እል ነበር። የተቀየምኩሽ ስለደፈንሽው አይደለም እማዬ፤ ለእኔ ብለሽ ነው፣ በርዶኝም ነበር። ግን ያ ሰውዬ ገደልኩ ብሎ ፊትሽ ሲቆም ሻይ ቀዳሽለት።» ይህን ብላ ነው ዕንባዋ የመጣው። «እኔም አብሬሽ ዝም አልኩ። ጥሪውና ፊቴ ንገሪው።»

ላጲሶ በማግሥቱ መጣ። ጉቱም ከሥራ ቀርቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጫልቱ ወለል ወለሉን እያየች ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ላጲሶ ሰምቶ ሲጨርስ መሬት ላይ ተቀመጠ። ተመስገን የሚል ቃል ከአፉ አመለጠው። ወዲያው በሁለት እጁ አፉን ያዘ፤ የሕፃን ሞት ባለበት ቤት ተመስገን በማለቱ አፈረና እንደ ልጅ አለቀሰ። አልጋው ላይ ያለችው ቢሊሴ አይዞህ አለችው። ጉቱ ማንንም ሳያይ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሞተሩን ሳያስነሣ ብዙ ቆየ።

ላጲሶ ለመሄድ ሲነሣ ጫልቱ እግሩ ላይ ልትወድቅ ብትሞክር በትከሻዋ ይዞ አቆማት። አልተቆጣትም። ከነገ ጀምሮ የነቀላቸውን ምድጃዎች መልሶ እንደሚተክል፣ ከሀቢባ ቤት እንደሚጀምር፣ በየቤቱም ቀዳዳዋ ለምን እንደማትደፈን ሲናገር የሲፈንን ነገር እንደሚናገር ነገራት። የማንንም ስም አላነሣም አላት። አንሣው አለችው።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሊሴ ከአልጋዋ ወርዳ ተቀመጠች። ጉቱ እስኪረጋጋ፣ እሷም ራሷ እስክትችለው፣ እናቷ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ጠየቀቻት። እናት ከአራስ ልጇ ቤት ከነጓዟ ስትወጣ የሰፈሩ ሰው ምን እንደሚል ሁለቱም ያውቃሉ። ጫልቱ አልተከራከረችም። ጓዟን በአንድ ፌስታል ቋጠረችና ወጣች። ግቢው በር ላይ ስትደርስ ቢሊሴ ከኋላዋ ጠራቻት። ጋቢ ተከናንባ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ከወለደች ወዲህ ነፋስ ያለበት ቦታ በራሷ ፈቃድ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው።

«ሰማንያ ቀኗ የሚሞላ ዕለት ነይ» አለቻት። «ክርስትና የምናስነሣበት ቀን ነበር። ቤተ ክርስቲያን አብረን ደርሰን እንመለሳለን።»

ጫልቱ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ታክሲው ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ በጣቷ ቆጠረች፤ ሠላሳ ስድስት ቀን ይቀራል። ተሳስቼ እንዳይሆን ብላ እንደገና ከአንድ ጀመረች።