የሮሄሊዮ የማንጎ እንጨት

እማማ ኤዱቪሂስ የልጅ ልጃቸውን የመካኒኳን የያኔሊስን ምሳ፣ ሩዝና ጥቁር ባቄላ፣ ቋጥረው የስኳር ፋብሪካው ጋራዥ ሲደርሱ፣ ያኔሊስ ወደ ላይ ከተነሳው የገልባጭ መኪና ካሶኒ ሥር ጎንበስ ብላ እየገባች ነው። ያን ሁሉ ብረት ወደ ላይ የያዘው ምንድነው? ዘይት። ዘይቱንስ ማን ያዘው? እፍኝ የማትሞላ የኤሌክትሪክ ቫልቭ። ቫልቯስ? ጥቅልል ሽቦዋ ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ የቀረው የአለቃው የሮሄሊዮ ጥበብ ነው።

ሽቦው ደህና ሳለ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ማግኔት ይሆንና ውስጥ ያለችውን ዘንግ ይስባታል፤ ዘይቱ መንገድ አግኝቶ ወደ ጋኑ ይመለሳል፤ ካሶኒውም ይወርዳል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ስፕሪንጉ ዘንጓን ይመልሳታል፤ መንገዱ ይዘጋል። አሁን ግን ሮሄሊዮ ዘንጓን በማንጎ እንጨት ገፋ ያደርጋታል፣ ይለቃታል። መለዋወጫ የሚጠብቅማ ሰነፍ ነው!

«ውጪ አንቺ ልጅ!»

«አያቴ ደግሞ! አንድ ብሎን አጥብቄ እወጣለሁ።»

«ግንድ ሳይደገፍበት?»

ሮሄሊዮ ሳቀ። «እማማ፣ ግንድ የሚደግፍ ስፕሪንግ የማያምን ሰው ነው። እርስዎ ባቄላዎ እንዳይቀዘቅዝ ይጠብቁ።»

«እሺ ጌታዬ። ካመንከው ያቺን ሞተር ሳይክልህን እዚያ ሥር አቁማት።»

ጋራዡ በሠራተኞቹ ሳቅ ተሞላ። «አቁማት እንጂ ሮሄሊዮ! ፈራህ እንዴ?» ዝናብ ሲመጣ ሚስቱ ትበሰብሳለች እንጂ ሸራ የምትለብሰው ያቺ ቀይ ሞተር ሳይክል ናት። አለቃ ግን በሠራተኛ ፊት አይፈራምና እየገፋ አስገባት። እማማ ያኔሊስን በኮሌታዋ ጎትተው አወጡ።

ሮሄሊዮ በእንጨቱ ገፋ አደረገ፤ ካሶኒው ትንሽ ወረደ። «አያችሁ? አሁን ስለቅ ቀጥ ይላል።» ለቀቀ። ካሶኒው ግን ንግግሩን አልሰማም፤ መውረዱን ቀጠለ።

«ቁም! ቁም እንጂ!» አለው ሮሄሊዮ፣ በቅሎ የሚያስቆም ይመስል። ቀይዋ ሞተር ሳይክል አንዴ ጮኸችና እንደ ቂጣ ተጋደመች።

ያኔሊስ ቫልቯን ፈታ ስታይ ዘንጓ እንደ ሙጫ ባለ ነገር ተጣብቃለች። ዘይት ሲጎድል ሮሄሊዮ የሞላው ባልታጠበ የሞላሰስ፣ የዚያ የሚያጣብቅ የስኳር አተላ፣ ጀሪካን ነበር። «አለቃ፣ ዘይቱን እኮ አጣፈጥከው» አለችው።

«ምን ትገተራላችሁ? ግንድ አምጡ!» ብሎ ጮኸ፣ ሐሳቡ ከራሱ እንደፈለቀ።

እማማ የቋጠሩትን ምሳ ፈተው ለያኔሊስ አቀበሉ። «ብዪ» አሉ። «ግንዱንም እኔ በእጄ ነቅንቄ ሳላየው እግርሽ እዚያ ሥር አይገባም!»