እርጥብ ድንጋይ

"አቁመው! ወንዱ፣ አቁመውና እየው!"

ወንዱ ከጎረቤት የተዋሱትን የውኃ መርጫ ማሽን አጠፋ። ባይነሽ ተንበርክካ ገና የታጠበውን ድንጋይ በመዳፏ ጠረገችው። ቤቱን ከገዙ ጀምሮ ግራጫ ሲመስላቸው የኖረው የጓሮ ንጣፍ፣ ከአረንጓዴው ልጋግ ሥር የማር ቀለም ነበረው። ቀጫጭን ቀይ መስመሮች እንደ ደም ሥር ያልፉበታል።

"ዋው፣ ኢማ! ኤይዜ ዮፊ!" አለች ልጃቸው ኦሻራት ስልኳን አውጥታ ፎቶ እያነሳች፤ በዕብራይስጥ፣ እማዬ፣ እንዴት ያምራል፣ ማለቷ ነው።

"ዮፊ ማለቱን ታውቅበታለች፤ መጥረጊያ ግን አትይዝም" አለ ወንዱ እየሳቀ።

የዳስ በዓል ማታ ይገባል። ሱካው፣ ማለትም ዳሱ፣ የሚተከለው እዚሁ ጓሮ ነው። የባይነሽ አባት አባ ሙላው ግን ባለፈው ክረምት እዚህ ተንሸራተው ከወደቁ ወዲህ ከበሩ አልፈው አያውቁም። "እናንተ ሱካ ውስጥ ብሉ፤ እኔ ሶፋዬ ላይ እበላለሁ" ብለዋል። ባይነሽ ኪርያት አርዬ ካለው ፋብሪካ ከሥራ በተመለሰች ቁጥር በብሩሽ ስትፈገፍግ የሰነበተችው ዛሬ ማታ አባቷን ከዳሱ ሥር ለማስቀመጥ ነው።

ወንዱ ድንጋዩ እንዲያብረቀርቅ የገዙትን ቫርኒሽ ከፈተ።

"መጀመሪያ አንዷን ብቻ" አለች ባይነሽ፤ ከጋዝ ሲሊንደሩ አጠገብ የደረቀችውን ድንጋይ እያሳየችው።

ቀባት። ፀሐዩ ሲያደርቃት ቀዩ መስመርም የማር ቀለሙም ፍም መሰሉ። አባ ሙላው በትራቸውን ተደግፈው ከበሩ ብቅ አሉ።

"ይህችማ መስታወት ናት! ሁሉንም እንዲህ አድርጉልኝ። እንግዳው ሁሉ፣ አሚሻቭ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አለ ወይ፣ ይበል!"

"ሰማሽ? አባባ ፈርደዋል" አለ ወንዱ ብሩሹን እየነከረ።

"ቆይ።" ባይነሽ በተቀባውም ባልተቀባውም ድንጋይ ላይ ውኃ ደፋች፤ ጫማዋንም አወለቀች። ያልተቀባውን ስትረግጥ እግሯ ቆንጥጦ ያዘ። የተቀባውን ስትረግጥ ተረከዟ ሸርተት አለና የወንዱን ትከሻ ይዛ ተረፈች።

"ማታ ጤዛ ይወርዳል፤ ሾርባም ይፈሳል። ቫርኒሹ ይቅር።"

አባ ሙላው ቅር አላቸው። "በእኔ እግር ሰበብ ውበቱን ልታስቀሪው ነው?"

"ይምጡና ይሄን ይርገጡት፣ አባባ። እርጥቡን።"

"እርጥቡን? ልትገድይኝ ነው?"

"እጄን ይያዙ። ካዳለጠዎት ማታ እኔም ሶፋው ላይ አብሬዎት እበላለሁ።"

ሽማግሌው አንድ እግራቸውን አውርደው ድንጋዩን ጫን፣ ጫን አደረጉት። ከዚያ ሁለተኛውን። ጥቂት ከሄዱ በኋላ እጇን ለቀቁና ጎንበስ ብለው ቀዩን መስመር በበትራቸው ጫፍ ተከተሉት።

"ይሄ ቀለም አይደለማ? የራሱ ነው?"

"የራሱ ነው!" የባይነሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ወጣ። ዓይኗ ግድግዳውን ተጠግቶ ከተሠራው የድንጋይ መደብ ላይ አረፈ። "ወንዱ፣ ቫርኒሹን ለመደቡ አድርገው። እሱን ማንም አይረግጠውም።"

"በሰደር፣ እሺ!"

"እስኪደርቅ ድረስ ታዲያ እኔ የት ልቀመጥ ነው?" አሉ አባ ሙላው ከጓሮው መሃል ቆመው።

"ሳባ፣ ሶፋዎ እኮ ባዶ ነው" አለች ኦሻራት ለአያቷ።

"ሂጂ ወዲያ! ወንበር አውጪልኝ።"