የማግስቱ ምርመራ

አይፔሪን ያመጣቻት አማቷ ሳይራካን ነበረች። ቢሽኬክ ከተማ ውስጥ በምሠራበት የልብ ምርመራ ክፍል ሰው ጭንብል አድርጎ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ይነዳል፤ እኔ ልቡንና ትንፋሹን በማሽን እከታተላለሁ። አይፔሪ ትኩሳት ይዟት ከተነሳች ወዲህ ለዓመት ከሁለት ወር ድካም አልለቀቃትም። ለሳይራካን ግን ነገሩ ስንፍና ነው። ምራት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሻይ ማፍላት ሲገባት የእሷ እስከ ረፋድ እንደምትተኛ፣ ጎረቤቶቿም «ከሁለታችሁ ሙሽራዋ ማናት?» እያሉ እንደሚስቁባት ነገረችኝ።

አይፔሪ ብስክሌቱ ላይ ከመውጣቷ በፊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኤጄ» አለችኝ፤ ብዙም ሳልበልጣት እንደ ታላቅ እህት። «ዛሬስ እችላለሁ። የምወድቀው ነገ ነው።»

አቅማቸው የሚከዳቸው ከድካሙ ማግስት ስለሆነ በማግስቱም መመርመር ያለባቸው ሕመምተኞች እንዳሉ ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። በእኛ ክፍል ግን ለአንድ ሰው የሁለት ቀን ቀጠሮ አይሰጥም፤ አለቃዬን መጠየቅ አፈርኩ። ማሽኑን ከፈትኩ። መጨረሻ ላይ እግሯ ሲንቀጠቀጥ «አይዞሽ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ» አልኳት። ጨመረችልኝ።

ውጤቱ ጥሩ ነበር። «ልቧ ጤነኛ ነው። በየቀኑ እንቅስቃሴ ታድርግ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሐኪሙም ፈረመበት። ሳይራካን ወረቀቱን ተቀብላ «ይኸው፣ ልብሽ ከእኔም ይሻላል» አለቻት። አይፔሪ ያየችው እኔን ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳይራካን ብቻዋን መጣች። ወረቀቱ ባዘዘው መሠረት ምራቷን በየቀኑ እስከ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ታስወጣት እንደነበር፣ አሁን ግን ልጅቷ ብርሃን እንኳ መቋቋም እንደማትችል ነገረችኝ። ምርመራውን ድገሚላት አለችኝ። እውነቱን በማሽን ለማሳየት አይፔሪን ሁለት ቀን በተከታታይ ብስክሌቱ ላይ ማውጣት ሊኖርብኝ ነው። የቀረቻትን አቅም የሚጨርሰው ያ ነው። እንደማልደግመው ነገርኳትና ቤቷ አብሬያት ሄድኩ።

ወረቀቱ ሻይ ከሚፈላበት ሳሞቫር አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አይፔሪ ጓዳ ውስጥ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍና ተኝታለች።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳት ለሳይራካን። «እሷ አስቀድማ ነግራኝ ነበር።»

ወረቀቱን አውርጄ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩና ከሥሩ ጻፍኩ፦ «በማግስቱ እንደምትወድቅ ነግራኝ ነበር። በማግስቱ አልመረመርኳትም። ምንም ሥራ አትሥራ፤ ትረፍ።» ስሜን ጻፍኩበት።

ሳይራካን እንደቆመች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ደረጃውን የቆጠርኩላት እኔ ነኝ» አለች። «አንድ፣ ሁለት እያልኩ።»

ከዚያ ሻይ ቀዳችልኝ። እኛ ዘንድ ለሚከበር እንግዳ ስኒው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ደጋግሞ እንዲቀዳለት ነው። የእኔን እስከ አፉ ሞላችው። ጠጪና ሂጂ ማለቷ ነው። እያቃጠለኝ ጨረስኩት።

ስነሳ አይፔሪ ከጓዳ በደከመ ድምፅ ማን እንደመጣ ጠየቀች።

«ማንም አልመጣም» አለቻት ሳይራካን፣ በጣም ቀስ ብላ። «ተኚ፣ የኔ ልጅ።»