የዶን ፊሌሞን አረንጓዴ ጉንጭ

ባሌ ኒካንድሮ የሚስለው ሰው ሁሉ ታሞ ይወጣል። እኔን ሁለቴ ስሎኛል፤ አንዴ ሐምራዊ አድርጎ፣ አንዴ አንገቴን አስቀርቶ። የኦሃካ ከተማ ሰዎች «ስሜት አለው» እያሉ ያደንቁታል። የመንደራችን ሰው ግን «ምስኪን፣ ደህና ቀለም አልቆበት ነው» ይላል።

ዘንድሮ የሟቾች ነፍስ ወደ ቤቷ የምትመለስበት የሙታን ቀን ሲደርስ አክስቱ ዶኛ ኤውፍሮሲና ጭንቅ ያዛቸው። ባላቸው ዶን ፊሌሞን ከሞቱ ገና የመጀመሪያው በዓል ነው፤ ለሟች ቤት ውስጥ በሚዘጋጀው መሠዊያ ላይ የሚቀመጥ ምስላቸው ግን የለም። ሰውየው ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ስለነበር ፎቷቸው ሁሉ ባርኔጣ ብቻ ነው። ምስሉ ከሌለ ነፍሳቸው የትኛው ቤት ትግባ?

«ልጄ፣ ለአንዴ እንኳን እንደ ሰው አድርገህ ሳልልኝ» አሉት።

ኒካንድሮን ያሳደጉት እኒሁ አጎቱ ዶን ፊሌሞን ናቸው። በሩን ዘግቶ ሰነበተና ቀለሙን በቢላዋ እንደ ጭቃ የለጠፈበት ሸራ ይዞ ወጣ። አንደኛው ጉንጭ አረንጓዴ፣ አንደኛው ዓይን ከሌላው ከፍ ያለ፣ አፉም ወደ ጎን የሄደ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ ዶኛ ኤውፍሮሲና።

«አጎቴ ናቸዋ!»

«የኔ ፊሌሞን በልብ ድካም ነው የሞተው። ይሄ ተመርዞ ነው!»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን ድምፃቸው ተሰበረ። «ሲመጣ ይሄን ካየ የሰው ቤት ገባሁ ብሎ ይመለሳል። እኔ ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ይቺን ቀን ነው።»

አፈርኩ። ኒካንድሮም አቀርቅሮ ቀረ።

ሌላ ምስል ስላልነበረ ዶኛ ኤውፍሮሲና መሠዊያው ላይ አቆሙትና በቢጫ አበባ ሸፈኑት። የታየው ከፍ ያለው ዓይን ብቻ ነው። ዳቦውን፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለውን የበቆሎ ታማሌ ደረደሩ፤ ሜስካል የሚባለውን አረቄያችንንም በትንሽ ብርጭቆ ቀድተው አስቀመጡና ሊሄዱ ዞሩ። ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ድንገት ተመለሱ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ሐኪሙ አንድ ብርጭቆ ብቻ ብሎሃል፣ አንድ ብቻ!»

አሉት ምስሉን። እሳቸውም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቀስ ብለው አበባውን ከአረንጓዴው ጉንጭ ላይ፣ ከዚያም ከአፉ ላይ አነሱ። ኒካንድሮ እንባው እንዳይታይበት እንደ አጎቱ ፊቱን አዞረ።

ዶኛ ኤውፍሮሲና ጠርሙሱን አነሱ።

«እሺ፣ ለዛሬ ብቻ» አሉና ሁለተኛውን ቀዱላቸው።