ቦራ እስኪፈቅድ

አያ ሰውአገኝ ከፈረስ ወደቀ። ወሬው ከዳባት በላይ ያለውን ቀበሌ ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሰው ከፈረስ ቢወድቅ ምን ይገርማል? የሚገርመውስ የወደቀው ሰውአገኝ መሆኑ ነው! ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የአካባቢውን ፈረስ ሁሉ የገራ፣ «ፈረስ ጣለኝ» ባለው ሁሉ ሲያሾፍ የኖረ ሰው። አሁን እናኑ ግቢ ውስጥ እበት ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ተጎዱ እንዴ አያ ሰውአገኝ?» እናኑ ከደጃፏ እያነከሰች መጣች። ጉልበቷን ያማታል።

«ምንም አልሆንኩም። ትንሽ ልረፍበት ብዬ ነው።»

ፈረሱ ቦራ ኮርቻው ሆዱ ስር ዞሮበት አጥሩ ጥግ ይንቀጠቀጣል። ስሙን ያገኘው ከግንባሩ ነጭ ነው። ሸጋ ፈረስ ነው፤ ደረተ ሰፊ፣ ኮቴው ጠንካራ። አራት ዓመት ሞልቶታል፤ የወተት ጥርሱን መጣሉን ሰውአገኝ አፉን ከፍቶ በገዛ ዓይኑ አይቷል። ልጓም ይቀበላል። ገብስ የሞላ ጆንያ ቢጭኑበት ዝም ነው። ኮርቻ ሲያይ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ባለፈው ለመስቀል ከጎንደር የመጣው የእናኑ ልጅ አዳነ፣ ፒያሳ ስልክ የሚጠግነው፣ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ «እኔ አሳያችኋለሁ» ብሎ ወጥቶበት መነጽሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አንገቱ መትረፉ የቅዱስ ሚካኤል ሥራ ነው።

«በቃ!» አለች እናኑ። «ልጄን ሊገድልብኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ እርስዎን። ለአምሐ እደውልለታለሁ፣ ቅዳሜ መጥቶ ይውሰደው።»

አምሐ የኮላ ድባ ጋሪ ነጂ ነው። ሰውአገኝን ከወገቡ ይልቅ ይህ አመመው። ቦራን ያሳደገው ፋንታሁን ነበር፤ የእናኑ ባል፣ የሰውአገኝ የልብ ጓደኛ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተው። ውርንጭላው የተወለደ ዕለት «ይሄ የእናኑ ነው» ብሎ ነበር። «ጉልበቷ እየከዳት ነው። ይሄ ሲደርስ ሚካኤል ያደርሳታል።» ሚካኤል ከቁልቁለቱ ስር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ፋንታሁንም የተቀበረው እዚያው ነው። እናኑ ከተዝካሩ ወዲህ መቃብሩን አላየችም፤ ብትወርድ አቀበቱ አይመልሳትም፣ የሰው በቅሎ መለመንም ሞቷ ነው።

«ተይ እባክሽ፣ አትደውይ» አላት።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ጥርሱን አየሁ አሉ፣ ደርሷል አሉ። የደረሰ ፈረስ እንዲህ ነው?»

ሰውአገኝ ስለ ፈረስ ተጠይቆ መልስ አጥቶ ስለማያውቅ ተናደደ፤ እንደተናደደም ወገቡን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ከማዶ መንደር አንዲት አሮጊት አረፉ። ሰውአገኝ ቦራን ሊሰናበት መጥቶ ነበር፤ እሱ ግን «ኮቴውን ልየው ብዬ ነው» ነው ያለው። ፈረሱ ኮርቻም ልጓምም ሳይኖረው ድርቆሹን ያላምጣል። ድንገት ከማዶ የሴቶች ለቅሶ ተነሳ። ቦራ ማላመጡን አቆመ። ጆሮውን ቀሰረ፣ ቆዳው ይርገፈገፍ ጀመር፣ ሰውነቱ በላብ ራሰ። ልክ ኮርቻ ሲያይ እንደሚሆነው።

«እግዚኦ!» አለ ሰውአገኝ፤ የያዘውን ኮቴ ለቀቀና መሬት ላይ ተቀመጠ።

የፋንታሁን ለቅሶ ትዝ አለው። ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ የሟቹ በርኖስ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ በአልቃሹ መሃል ይሳባል። የፋንታሁን አሮጌ ባዝራ ግን በዚያው ክረምት ሞታ ነበር። ሰዉ «ፋንታሁን ያለ ፈረስ ሊለቀስለት ነው?» ሲል፣ የሁለት ዓመቱ ቦራ ላይ ኮርቻ ያሰረው ማን ነው? ሰውአገኝ! «አራት ሳይሞላው ኮርቻ እንዳይነካው» እያለ ፋንታሁን ሲናገር ስንቴ የሰማው ሰውአገኝ። ውርንጭላው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርቻ የተሸከመ ዕለት መቶ ሴት ደረቷን እየመታች ትጮህ ነበር። ይህን ደግሞ ጥርስ አይናገርም።

ሦስቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናኑ፣ ፈረሱ ክፉ አይደለም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገራት።

«ምነው አያ ሰውአገኝ! ምነው!» እናኑ እንዲህ ያለ ቁጣ እንዳላት ራሷም አታውቅም ነበር። «ይሄን ምስኪን ሰይጣን አለበት ስንል፣ ልጄ ሲፈጠፈጥ፣ እርስዎ ጥርስ ይቆጥራሉ?» ከዚያ ቦራን አየችውና ድምጿ ወረደ። «እኔም እኮ ያን ዕለት አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ነበር። ጆሮው ስር ነው የጮህኩበት።»

«ጊዜ ስጪኝ።»

«እስከ ኅዳር ሚካኤል። ለአምሐ ይህንኑ እርስዎ ይንገሩት። እስከዚያ ካልሆነ አምሐ ይወስደዋል። ደግሞ ሌላ ሰው አይወጣበትም፤ የኔ ነው ከተባለ እኔው እወጣበታለሁ።»

ሰውአገኝ «በዚህ ጉልበትሽ?» ሊል አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየና ኮርቻውን ሊያመጣ ሄደ።

ኮርቻውን ግቢው መሃል አስቀመጡት፤ አምስት ቀን ማንም ሳይነካው ቆየ። ከዚያ እናኑ ገብስ በተነችበት። ቦራ በመጀመሪያው ቀን ከሩቅ አንኮራፋ። በሳምንቱ እግሮቹን ሩቅ ተክሎ፣ አንገቱን እስከቻለው ስቦ፣ ከንፈሩን ብቻ ልኮ ትንሽ ለቀመ። «አንተ ሌባ!» አለችው እናኑ፤ ሳቀችም። ሰውአገኝ ሳቋን ከሰማ ሁለት ዓመቱ ነበር። እንዳያቋርጣት ጀርባውን ሰጥቶ ጠፍር የሚጠግን መሰለ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ኮርቻው አጠገብ ተቀምጣ ለፈረሱ ታወራለታለች፦ ስለ በርበሬው መወደድ፣ ስለ አዳነ መነጽር፣ አንዳንዴም ስለ ፋንታሁን። ጥቅምት ሲያልቅ ኮርቻው ቦራ ጀርባ ላይ ዋለ። ኅዳር ሲገባ እናኑ ድንጋይ ላይ ቆማ ወጣችበት፤ ሰውአገኝ እየሳበ ግቢውን ዞሩት።

የኅዳር ሚካኤል ጠዋት አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ብቅ አለች። «እሺ አያ ሰውአገኝ፣ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

የቦራን አፍ ሊከፍት እጁን ሰደደና መለሰው። «አላውቅም» አለ። ስለ ፈረስ ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነው። «ራሱን እንጠይቀው።» ኮርቻውን ታቅፎ ከፈረሱ ራቅ ብሎ ቆመ። ገብስ አልያዘም፣ አልጠራውምም። ቦራ አየት አደረገው፤ ቆየ፤ ከዚያ በገዛ እግሩ መጥቶ አፍንጫውን ኮርቻው ላይ አሳረፈ።

እናኑ ቦራ ላይ ተቀምጣ፣ ሰውአገኝ በገመድ እየሳበ፣ ቁልቁለቱን በደህና ወረዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ታቦቱ ወጣና ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ቦራ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያ መርገፍገፍ በገመዱ በኩል ሰውአገኝ እጅ ላይ ደረሰ። በግራቸው ገደል ነው። «ወይኔ!» አለ በሆዱ፤ የመቶ ሴት ድምፅ፣ ለፈረሱ ለቅሶው ከእልልታው በምን ይለያል? ይህን እንዴት አላሰብኩም? ደግሜ ተሳሳትኩ!

«ውረጂ እናኑ! ቀስ ብለሽ ውረጂ!»

«አልወርድም።» ጎንበስ ብላ ደረቷን ጋማው ላይ አደረገች፤ ያኔ የጮኸችበት ጆሮ ስር። ፋንታሁን ከሞተ ወዲህ በሠርግም በጥምቀትም እልል ብላ አታውቅም። አፏን ከፈተች። መጀመሪያ የወጣው የተሰነጠቀ ድምፅ ነው፤ ግማሹ ለቅሶ። ደገመችው። «እልልልል!» እንባዋ ጋማው ላይ ይወርዳል፣ እጇ አንገቱን ያሻሻል። «ይሄ እኮ ደስታ ነው፣ አንተ ሞኝ! ደስታ ነው! እልልልል!»

የቦራ አንድ ጆሮ ወደ ኋላ፣ ወደ እሷ ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ሌላውም ዞረ። መርገፍገፉ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ፈረሱ ረጅም ትንፋሽ አወጣና መራመድ ጀመረ፤ ሰውአገኝ አልሳበውም፣ ገመዱ በእጁ ረግቧል።

ደጀ ሰላሙ ጋ እናኑ ወርዳ ተሳለመችና ወደ ባሏ መቃብር ገባች። ሰውአገኝ ቦራን ይዞ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። «ፋንታሁን፣ አደረሰኝ» ስትል ሰማት። እሱም ጓደኛውን ይቅርታ ሊጠይቅ ፈልጎ፣ የቦራን ግንባር እየዳበሰ ዓይኑን ሲጠርግ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

«አያ ሰውአገኝ፣ አምሐ ነኝ። ኅዳር ሚካኤል ደረሰ እኮ! መጥቼ ፈረሱን ልውሰደው?»

«አይ አምሐ፣ ዘገየህ» አለ ሰውአገኝ። «ፈረሱ ሥራ ይዟል።»