የፈጠነችው ዓረፍተ ነገር

ሰፈርተኛው «ሬዲዮዋ» ይላታል። እንጀራዋ ማስታወቂያ ማንበብ ነው፤ የሳሙናውም፣ የባንኩም፣ የክትባት ጥሪውም ድምፅ የእሷ ነው። ሱቅ ገብታ ሳሙና ስትጠይቅ እንኳ ሰው ዞር ብሎ ያያታል።

ታላቅ እህቷ ነርስ ናት። አልጋ የያዙ ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየዞረች ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች። ለዓመታት በአውቶቡስ ስትንገላታ ኖራ በመጨረሻ መኪና ልትገዛ ቆረጠች። ያልረገጠችው መሸጫ አልነበረም፤ ነገር ግን ከሻጮቹ አንዱንም ልቧ አልተቀበለውም። አንድ ቀን ጠዋት ወጥ ቤት ሆና ዕቃ ስታጥብ የታናሿ ድምፅ ከሬዲዮ መጣ። «የሳምንቱ ምርጥ መኪና! ንጹሕ፣ የተመረመረች፣ ቤተሰብዎን አምነው የሚያሳፍሩባት።» እጇን አደራረቀችና በቀጥታ ወደ መሸጫው ሄደች። ለታናሿ እንኳ አልነገረቻትም፤ መኪናዋን ይዛ በሯ ላይ ድንገት ብቅ ልትልባት ነበር ሐሳቧ።

ብቅም አለችባት። ሁለቱም እንደ ልጅ እየሳቁ ከተማውን ዞሩባት። ሬዲዮዋ መኪናዋ ከየት እንደተገዛች ስትሰማ ቅር አላላትም፤ ሻጩ የማይደብቅ ሰው ነው ብላ ታምን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ነርሷ አንዲት አሮጊት ሕመምተኛ አሳፍራ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ፣ መታጠፊያው ላይ መሪው አልታዘዝ አላት። መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ከአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጋር ተላተመች። የአሮጊቷ ግንባር ተሰነጠቀ፤ የነርሷ የእጅ አንጓ ተሰበረ። መኪናዋን ጎትቶ የወሰደው መካኒክ የወለሉን ምንጣፍ ገልጦ፣ ከአንድ ጎን እስከ ሌላው የሄደ የብየዳ መስመር አገኘ። ፊቷ ከአንድ መኪና፣ ኋላዋ ከሌላ መኪና ተቆርጦ የተበየደ ነበር።

ሬዲዮዋ ሆስፒታል ስትደርስ እህቷ ጄሶ በተደረገበት እጇ ፊቷን ከልላ ተኝታለች።

«ሻጩን እኮ አላመንኩትም» አለቻት ሳታያት። «ያመንኩት አንቺን ነው።»

«እታለም፣ እኔ እኮ ተናግሬያለሁ። ተጎድታ የተጠገነች መሆኗን በአፌ ብያለሁ።»

እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሬዲዮዋ እውነቷን ነበር። መኪና ሻጮች በሚያስነግሩት ማስታወቂያ የመኪናውን ጉዳት እንዲገልጹ የሚያስገድድ ደንብ አለ። ለዚህም ነው የተሰጣት ጽሑፍ መጨረሻ ላይ «ይህች መኪና በከባድ አደጋ ተጎድታ የተጠገነች ናት» የሚል ዓረፍተ ነገር የነበረው። ሻጩን በልቧ አመስግና፣ ቃል በቃል እየረገጠች ነበር ያነበበችው።

መኪናዋ ብትሸጥም ማስታወቂያው የተከፈለበት ጊዜ አላለቀም ነበርና፣ በማግስቱ ሬዲዮ ከፍታ ጠበቀችው። ያ ሁሉ ውዳሴ በራሷ ሞቅ ያለ ድምፅ ተነገረ፤ ስልክ ቁጥሩም ተደጋግሞ ተነገረ። ከዚያ በሙዚቃው ሥር አይጥ የጮኸች የመሰለ ነገር ሽው ብሎ አለፈ። የሰው ድምፅ መሆኑን ለማወቅ እንኳ እሷ፣ የድምፁ ባለቤት፣ ጆሮዋን ሬዲዮው ላይ መለጠፍ ነበረባት።

ስቱዲዮ ሄዳ የድምፅ ባለሙያውን ስትጠይቀው አልካደም። ደንበኛው መጨረሻዋን አፍጥናት ስላለው አፍጥኗታል፤ መኪና ሻጮቹ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያሠሩት። ከዚያ በእግሯ ወደ መሸጫው ገሰገሰች።

ሻጩ በትሕትና ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ስለ እህቷ ሲሰማ ከልቡ ማዘኑን ነገራት። ቢሆንም ደንቡ ይገለጽ ይላል፣ እሱም ገልጿል፤ በምን ያህል ፍጥነት ይነገር የሚል ቃል የት እንዳለ ታሳየው። ደግሞም ማስታወቂያ ማስታወቂያ ነው እንጂ መሐላ አይደለም አላት።

«ሌላው ሁሉ በእኔ ድምፅ ተነገረ» አለችው። «እውነቱ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፄን ነጠቁኝ።»

ሻጩ ፈገግ ብሎ ሻይ ይምጣልሽ ወይ ሲላት ወንበሩ ላይ እንኳ ሳትቀመጥ ወጣች።

የሸማቾች ቢሮ አቤቱታዋን ተቀበለ። ቀጠሮው ሲደርስ ሻጩ ከጠበቃው ጋር መጣ፤ ነርሷም እጇን በአንገቷ አንጠልጥላ ከታናሿ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ጠበቃው ጉሮሮውን ጠርጎ «ይገለጽ» የሚለውን ቃል ሲተነትን ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። ሬዲዮዋ ለሻጩ የፈረደ መሰላት።

ተራዋ ሲደርስ ብዙ አላወራችም። ማስታወቂያውን ላሰማዎት፣ የሰሙትንም ይጻፉልኝ ብላ ኃላፊውን ለመነችው። ኃላፊው ጻፈ፤ ውዳሴውንም፣ አድራሻውንም፣ ስልክ ቁጥሩንም። መጨረሻው ላይ እስክሪብቶው ቆመ። እንደገና አስደገማት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ምንም። የጎደለውን እንዲሞላ ወረቀቱን ለጠበቃው ቢያቀብለው እሱም ሳይጽፍ መለሰው።

ኃላፊው ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ሻጩ ዞሮ «እርስዎ ያውቁታል አይደል? እስቲ በራስዎ አፍ፣ ሰው እንደሚናገረው አድርገው ይበሉልን» አለው።

ሻጩ ጠበቃውን አየ፤ ጠበቃው ጫማውን ያያል። ሌላ መውጫ ሲያጣ፣ ነርሷ ፊት ቆሞ፣ «ይህች መኪና... በከባድ አደጋ ተጎድታ የተጠገነች ናት» አለ።

«ያን ቀን ይህን ቢሉኝ ኖሮ» አለችው ነርሷ፣ «ያቺን ምስኪን አሮጊት አሳፍርባት ነበር?»

ኃላፊው ያልተሰማ ነገር እንደተገለጸ አይቆጠርም ብሎ ወሰነ። ሻጩ መኪናዋን መልሶ እንዲወስድ፣ የነርሷንና የአሮጊቷን የሕክምና ወጪ እንዲችል፣ የማስታወቂያውንም እርማት በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ሰዓት እንዲያስነግር ታዘዘ። ሻጩ እሺ ብሎ፣ አንባቢዋ ግን ሌላ ሰው ትሁንልኝ ሲል ለመነ። ሬዲዮዋ በእኔ ድምፅ የገባ በእኔ ድምፅ ይወጣል ብላ አሻፈረኝ አለች። እርማቱን አንብባ ስትጨርስም ከድምፅ ባለሙያው አጠገብ ሳትነቃነቅ፣ ቅጂው ወደ ጣቢያው እስኪላክ ድረስ ቆመች።

ከዚያ ወዲህ መኪና ሻጮች ሥራ አይሰጧትም። ሌሎች ድምፆች አግኝተዋል፤ የእነሱም ማስታወቂያ መጨረሻ እንደ ድሮው ሽው ይላል። ይህን በሰማች ቁጥር ሬዲዮውን ታጠፋና ለዚያ ቢሮ ስልክ ትደውላለች። ጸሐፊዋ ድምፅዋን ለይታ «ደግሞ የትኛው ነው?» ማለት ጀምራለች።

እህትማማቾቹ ለመነጋገር ጊዜ ወስዶባቸዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ሳትጠራ ወደ ታናሿ መጣችና ተነሺ፣ አብረን እንሂድ አለቻት። በአውቶቡስ ወደ አሮጊቷ ቤት ወሰደቻት። የአሮጊቷ የግንባር ስፌት ጠባሳ ገና አልጠፋም። ሬዲዮዋ ደጃፉ ላይ ሆና ሰላም ስትላቸው በድምፅዋ አወቋት፤ እርማቱንም ሰምተውታል።

«እንግዲህ ልጄ» አሏት፣ «እንዲያ አድርጎ ቀስ ብሎ መናገር ከተቻለ፣ የእኔ ግንባር እስኪሰነጠቅ ምን አስጠበቃቸው?»

ነርሷ ጋቢውን ወደ አሮጊቷ ትከሻ ሳብ አደረገችና፣ ለታናሿ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላት።