የወዛ ሸክላ

ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ዕለተ ዓርብ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በዶሃ ከተማ፣ ቢን ኦምራን በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ካፍቴሪያ በላይ በሚገኝ የሦስተኛ ፎቅ አፓርታማ ውስጥ አንድ ካርቶን መከፈቱን ለሚመለከተው ሁሉ በአክብሮት አስታውቃለሁ። ካርቶኑን የከፈተው ኢንጂነር ያዕቆብ ነው። ከፍቶ ሲያበቃ አፍንጫውን አስገባ። እኛም በዕድሜ ቅደም ተከተል ተራ ይዘን አሸተትን።

የሸተተን ነገር ይህ ነው፤ የከረመ ቅቤ፣ እርጥበት የገባው ወረቀት፣ ትንሽ የአይጥ ነገር፣ ከሁሉም በስተኋላ ደግሞ ጉሮሮ በር ላይ ቆሞ አልገባም አልወጣም የሚል አንድ መራራ ጠረን። ምሳዬ እንደገና ሊጎበኘኝ መጣ።

"እንዴት ነው ደምሰው?" አለኝ ኢንጂነሩ።

"ዛሬስ በስሏል" አልኩት።

ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ ነው የምለው። እዚህ በጽሑፍ ስለሆነ አይሰማኝም።

እኔ ዐይን ኻሊድ በሚባል ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነኝ። የመጨረሻው ልጅ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ባባ የምለው አሠሪዬ ጠራኝና "እስከ ረመዳን ሌላ ሹግል፣ ሌላ ሥራ ካገኘህ የመልቀቂያ ወረቀትህን እፈርማለሁ፤ ካላገኘህ ወደ አገርህ፣ ኸላስ" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲነግረኝ እንኳን ውሃ አስመጥቶልኛል። አገር ቤት ገብቼ የምሠራው ሥራ ቢኖር ደግሞ መጀመሪያውኑ አልመጣም ነበር። ኢንጂነሩ አውሮፕላን የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው። የድርጅቱን የሠራተኛ አውቶቡሶች የሚያዘው አቶ መኮንን የሚባል የኛው ሰው ሲሆን ሹፌር ይፈልጋል፤ ግን የሚያምነው ሰው ካልመሰከረለት በቀር ማንንም አይቀጥርም። የሚያምነው ሰው ኢንጂነሩ ነው። በዚያች ዓርብ ረመዳን ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር፤ አቶ መኮንንም ፎርሙን በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ስምንት ወር ሙሉ በየዓርቡ ሸክላ ያሸተትኩት ለዚህች ቀን ነው።

ሸክላ ስል፣ ድሮ ዘፈን የሚታተምበትን ያን ጥቁር ክብ ነገር ማለቴ ነው። ኢንጂነሩ ከእነዚህ ውስጥ አራት መቶ ያህል አሉት። ሚስት የለውም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ድስት አለ፤ አንደኛው ክዳን የለውም። ሸክላዎቹ ግን እያንዳንዳቸው ላስቲክ ለብሰው፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ መጋረጃ ባለው መደርደሪያ ላይ ይኖራሉ። ሲነካቸው ነጭ ጓንት ያደርጋል። አንድ ደብተር አለው፤ የሌሉትን ሸክላዎች ዝርዝር የጻፈበት ነው። ከዝርዝሩ አንዱ ሲገኝለት ይሰርዘዋል፣ ሁለት ቀን እንደ ሙሽራ ይከርማል፣ በሦስተኛው ቀን ግን የሚጎድለው በማነሱ ይከፋውና ደብተሩ ላይ ሌላ የጎደለ ይጨምራል። የሰብሳቢ ደስታ እንዲህ ያለ ነው። አልፈርድበትም። እኔም የትራፊክ ቅጣት ወረቀቶች አስቀምጣለሁ።

ነገሩ የተበላሸው መስከረም ላይ ነው። ለእረፍት አዲስ አበባ ስሄድ ኢንጂነሩ የሟች አጎቱን ሸክላዎች ከጉለሌ እንዳመጣለት ለመነኝ። ሃያ ሦስት ናቸው። አጎትየው ቡና ቤት ነበረው፤ ቡና ቤቱ ሲዘጋ ሸክላዎቹ ጓዳ ገቡ፣ እዚያው አረጁ። "ጭረት እንዳይነካቸው ደምሰው፣ እንደ እንቁላል ያዛቸው" አለኝ። ያዝኳቸው። በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣዬ መሀል አስተኛኋቸው።

አል አስማኽ ሰፈር ውስጥ ለስምንት የምንጋራው ክፍል አለን። ከስምንቱ አንዱ በየነ የሚባል የሞል ጥበቃ ነው። ባለቤቱ ሦስት ኪሎ ንጥር ቅቤ በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጋ በእኔ ላከችለት፤ ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን አሽጋዋለች። የሻንጣ ነገር ያው ነው፤ ባዶ ቦታ ያለው አንድ ጎን ብቻ ነበር። ከሸክላዎቹ ጎን።

ዶሃ ስደርስ ባባ ራሱ መኪናውን ይዞ ኤርፖርት መጥቷል። ደስ አለኝ። ቁልፉን ሰጠኝና "ማዳም ሞል ናት፣ ያላ" አለ። ሻንጣዬ ከኋላ እንደተጫነ ማዳምን ከሞል ወደ እህቷ፣ ከእህቷ ወደ ልብስ ሰፊ፣ ከልብስ ሰፊ መልሼ ወደ እህቷ ሳመላልስ ዋልኩ። የመስከረም የዶሃ ፀሐይ የቆመ መኪና ላይ ምን እንደምታደርግ የሚያውቅ ያውቃል።

ማታ ክፍላችን ገብቼ ሻንጣውን ስከፍት ቅቤው ቀድሞኝ ወጣ። ፎጣው ጠጥቷል፣ ካልሲዎቼ ጠጥተዋል፤ ከሁሉም በላይ የጠጡት ግን ሸክላዎቹ የለበሷቸው ወረቀቶች ናቸው። ሃምሳ ዓመት ጓዳ የደረቀ ወረቀት ጥማቱ ሌላ ነው። ጥቁሮቹን ክቦች በሳሙናና በአሮጌ ካናቴራ አሸሁ፤ ላያቸው ጠራ፣ ዘፈኑ በተቀረጸባቸው ክሮች ውስጥ የገባው ግን አልወጣም። ወረቀቶቹ ወርቃማ ቡኒ ሆነው እጅ ላይ ይሙለጨለጩ ነበር። እጄን አራት ጊዜ ታጠብኩ። በማግስቱ ማዳም መኪና ውስጥ ገብታ መስኮት አስከፈተችኝ።

"ቅቤዬስ?" አለ በየነ ከሥራ ሲመለስ።

"ኤርፖርት ወሰዱት።"

"ሦስቱንም ኪሎ?"

"ሕግ ነው አሉ።"

አልጋው ላይ ተቀመጠና ጫማውን ፈታ። ቆይቶ "ደሜ፣ ግን እኮ ይሸተኛል" አለኝ።

"ናፍቆት ነው" አልኩት።

ለኢንጂነሩ እውነቱን ልናገር ቆርጬ ነበር። ካርቶኑን ተሸክሜ ሦስት ፎቅ ስወጣ ንግግሬን አዘጋጅቻለሁ፤ "ኢንጂነር፣ አንድ ችግር አለ" ብዬ እጀምራለሁ። በሩን ከፈተልኝ፣ ካርቶኑን ተቀበለኝ፣ ከፈተው። አፍንጫውን አስጠጋ። ዓይኑን ጨፈነ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም፣ ሲከፍተው ርሷል።

"የአጎቴ ጓዳ" አለ። "ልክ እንደዚህ ነበር የሚሸተው።"

ጓዳ ምን እንደሚሸት እኔም አውቃለሁ። ንግግሬን ዋጥኩት።

"አየህ ደምሰው፣ ሸክላ ሲያረጅ ወዝ ያወጣል። ልክ እንደ ሰው። በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ እጅህ ላይ ሲይዝህ ነው የምታውቀው።" ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰ። "ይህ ወዝቷል።"

"ወዝቷል" አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢንጂነሩ ሃይማኖት ወዝ ሆነ። ያልወዛ ሸክላ ሸክላ አይደለም። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ከአዲስ አበባ እንከን የሌለው ንጹሕ ሸክላ ብታመጣለት አሸተተና "ሞቷል" ብሎ መደርደሪያው ሥር አስቀመጠው። የቀሩትን ሸክላዎች ደግሞ እንዲላመዱ እያለ ከሃያ ሦስቱ ጋር በተራ ያስተኛቸው ጀመር። በየዓርቡ ሰው ይጠራል። መርፌው ክሩ ውስጥ ቅቤውን እያረሰ ሲሄድ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ ኢንጂነሩ "ሙቀቱን ስሙት" ይላል፤ እንሰማለን። ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌውን በጥጥ ይጠርገዋል፤ ጥጡ ላይ የሚቀረውን ቢጫ ነገር አንድም ቀን ትኩር ብለን አላየነውም።

ከማይቀሩት እንግዶች አንዱ ዶክተር ዘካርያስ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ሲሆን ከጥርስ በቀር ሌላም እንደሚያውቅ እንዲታወቅለት ይፈልጋል። ወረቀቱን ሲያሸት "እዚህ ውስጥ የጥንት ሙጫ አለ፣ ዛሬ የማይሠራ" ይላል። ሌላዋ ሲስተር ምሕረት ናት፣ ነርስ። እሷ የምትፈልገው ኢንጂነሩን ነው፤ ከኢንጂነሩ በቀር ይህንን የማያውቅ የለም። "እኔ የሚሸተኝ እንጨት ነው፣ የዘፈኑበት ክፍል እንጨት" ትላለች፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እንደመሸፈን እያደረገች። አንድ ዓርብ ከማሽተት በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ረጅም ጊዜ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። "ስሜት ነው" አለች። ኢንጂነሩን በጣም ነካው።

ወደ ግንቦቷ ዓርብ ልመለስ። የዚያን ቀን የሕንፃው ኤሲ ተበላሽቷል። ጠጋኙ ኢንሻአላህ ስላለ እንደማይመጣ ገብቶን በሩን ለንፋስ ወለል አድርገን ከፈትነው። ንፋስ አልነበረም። በሙቀቱ ሃያ ሦስቱ ሸክላዎች ነፍስ ዘሩ። ኢንጂነሩ ምንጣፉ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ደረደራቸው፤ ከዳር ያን "የሞተውን" የአስተናጋጇን ሸክላ ለማነጻጸሪያ አስቀመጠ። አንዱን የወዛ አንስቶ ለአቶ መኮንን አቀበለው።

አቶ መኮንን ወፍራም፣ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ሳምቡሳውን እንኳን ከፍቶ ውስጡን አይቶ ነው የሚበላው። አሸተተ።  ሁላችንንም በተራ አየን። ዶክተሩ በጥልቀት ራሱን ነቀነቀ፣ ሲስተር ነቀነቀች፣ እኔም ነቀነቅኩ።

"ከባድ ነው" አለ አቶ መኮንን በመጨረሻ። "የታሪክ ሽታ አለው።"

እሱም ከኛው ሆነ።

ኢንጂነሩ ደስ ብሎት ጎኑ ተቀመጠ። "የዚህን ልጅ አነዳድ አላውቅም" አለ ወደ እኔ እያመለከተ። "እኔን ነድቶኝ አያውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። እነዚህን ከጉለሌ እዚህ ድረስ ያመጣቸው እሱ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው ዕቃ። አንድ ጭረት የለም። አንድ ጠብታ ነገር አልነካውም። እንዲህ ያለ እጅ ሰው ጭኖ አያስቸግርም።"

አሳለኝ።

"ለኔ በቂ ነው" አለ አቶ መኮንን። ፎርሙን አወጣ፣ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ብዕሩን ከፈተ። "ደምሰው ማን?"

"ደምሰው መርሻ።"

መጻፍ ጀመረ። ድመቷ የገባችው ያኔ ነው።

የሕንፃው ድመት ናት፣ አንድ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ፣ ከካፍቴሪያው ኋላ የምትኖር። ሥጋ ያለበት ሳምቡሳ ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አልፋው ሄደች። ነጩ ጨርቅ ላይ ወጣች። መጀመሪያ ወደ አስተናጋጇ ሸክላ ሄደች፣ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ተወችው። ከዚያ አጠገቡ ወዳለው ወደ ወዛው መጣች። ኢንጂነሩ እንደሚያደርገው አፍንጫዋን አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጥላም ትልሰው ጀመር።

"ድመት ናት" አለ ዶክተሩ።

ያስቆማት የለም። ሳትቸኩል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ወረቀቱን በምላሷ እየገፋች ላሰችው። ድምፁ ይሰማል፤ ከሸክላዎቹ ሁሉ ጥርት ብሎ የተሰማን ድምፅ እሱ ነው። አቶ መኮንን ብዕሩን አንስቶ አውራ ጣቱን አየ፤ ፎርሙ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ የጣት አሻራ ትቷል።

ኢንጂነሩ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። የሚያባርራት መስሎኝ ነበር። የቀኝ እጁን ነጭ ጓንት አወለቀ፣ ጣቱን ሌላ ወረቀት ላይ አሳለፈና ምላሱ ላይ አደረገው። 

"ኮረሪማ" አለ።

"በሶብላም አለበት" አለች ሲስተር ምሕረት በቀስታ።

ዶክተሩ ዞረባት። "ታውቂ ነበር?"

"ከጥቅምት ጀምሮ። አንተስ?"

ዶክተሩ መሀረቡን አውጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ መጥረግ ጀመረ።

ኢንጂነሩ እነሱን አላያቸውም። እኔን ነበር የሚያየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ስንት ኪሎ ነበር?" አለኝ።

"ሦስት" አልኩት።

አቶ መኮንን የአባቴን ስም ግማሽ ላይ አድርሶ ብዕሩን ከደነ። ፎርሙን ለሁለት አጠፈው፣ ወደ ኪሱ መለሰው። ድመቷ ወደ ሁለተኛው ሸክላ አለፈች።